ዳጉ ከጨሞጋ ማዶ

እንቅልፍ አልመጣም። እንዴትስ ይመጣል፣ ቤቱን ሁሉ ጾም አድክሞት በጠራራ ፀሐይ ተጋድሞ፣ አማቷ እመት ቀድሪያ ከመጋረጃው ወዲያ በቀስታ እያንኮራፉ፣ ሸምሲያ ብቻ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላለች፤ ጣራው ደግሞ የሣር ክዳን መሆኑን ትቶ ሜዳ ይሆንባታል፣ ቢጫ ሜዳ፣ ዳር የሌለው ሜዳ፣ አንዲት ግራር እዚህ፣ አንዲት ግራር እዚያ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም፤ ምንም የሚባለውን ነገር ጎጃም ውስጥ አይታው አታውቅም፣ እዚህ ዓይን በሄደበት ሁሉ የሰው ማሳ፣ የሰው አጥር፣ የሰው ጭስ ነው፤ እዚያ ግን ዓይንሽን ብትለቂው ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት አጥቶ ወደ አንቺው ይመለሳል፤ የዚያ አገር ጓደኛዋ ካዲጋ "ዓይንሽ እስኪደክም ተይው፣ ማየት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው" ትላት ነበር፤ ተነሺ፣ ተነሺ እንጂ፣ ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች ትላለች ለራሷ፤ አትነሣም። በግራ ጎኗ ትገላበጣለች። በቀኝ ትገላበጣለች። ጧት ከአፏ ያመለጠው ነገር አብሯት ይገላበጣል።

ጧት የሆነው ይህ ነው። ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበታል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን እንደ ልማዷ አፏ ላይ አድርጋ ልታልፍ ስትል "እህት ዓለም፣ ደህና አደርሽ? እስቲ አረፍ በይ" አላት፤ ይህን እንኳ ማንም ይላል፤ ግን አስከትሎ "ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አለ። ጎጃም ከመጣች ጀምሮ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ከብቱ ደህና፣ ቤቱ ደህና ነው፤ መልሱም ደህና፣ ደህና፣ ደህና ነው፤ ትናንት ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ይላል፣ ለቅሶው ከብዙ ደህና በኋላ ነው የሚመጣው። ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ። ጉልበቷ በራሱ ታጠፈ። አልወሰነችም፣ አላሰበችም፣ ጉልበቷ ነው የታጠፈው፤ መሬት ላይ ከሰውዬው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ነጠላውንም ከአፏ ላይ አወረደች፤ ያየችውን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ነገረችው። ትናንት ወዲያ ልብስ ልታጥብ ጨሞጋ ወንዝ መውረዷን፤ እዚያ እንዳላማውን ማግኘቷን፤ አህያው የሣር ጭነት መሸከሙን፤ ከሣሩ ውስጥ የጣሊያን የስልክ ሽቦ ጫፉ ብቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ ማየቷን፤ ዛሬ ከወንዙ ማዶ የአማቱ የጤፍ ደቦ እንደሆነ፣ እሱም እዚያው እንደሚያድር ከራሱ አፍ መስማቷን። ሁሉንም። ሰውዬው "ሌላስ?" ይላል፣ እሷም ትጨምራለች። ስትጨርስ ልቧ ቅልል ብሏት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበላት፣ ቅልል ብሏት ነበር።

ከዚያ ጎረቤታቸው የብርጓል ከኋላዋ ደርሳ ክንዷን ቆነጠጠቻት። "አንቺ ምን ነክቶሻል? ከአንሙት ጋር ቁጭ ብለሽ ወሬ?"

"አንሙት ነው ስሙ?"

"ስሙንስ ተይው። የጣሊያን ጆሮ ነው እንጂ ሰው መሰለሽ? አገሩ ሁሉ ጥላውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል!" ከዚያ የብርጓል ሳቀች፤ "ደግሞ አንቺ ለሰው 'አቤት' ለማለት እንኳ የምታፍሪ፣ ምን ልትነግሪው ትችያለሽ" ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች። ሸምሲያ ዘወር ስትል አንሙት ዱላውን ይዞ ወደ ጣሊያኑ ምሽግ አቀበቱን እየወጣ ነበር። አይሮጥም። የሚሮጥበትስ ምን ምክንያት አለው፣ ጣሊያን ሰው የሚከበው ጎሕ ሳይቀድ ነው፣ ጊዜ አለው፤ እሷም ጊዜ አላት፣ እስከ ማታ ጊዜ አላት፣ እሷ ግን ጋቢ ተከናንባ ጣራ ታያለች።

እንዳላማው ማለት በየበጋው ጤፍና ማር ለዚህ ቤት የሚያመጣ ገበሬ ነው፤ ሣቅ የሚወድ፣ ድምፁ ከአህያው ቀድሞ ደጅ የሚደርስ። ጣሊያን ከገባ በኋላ ጤፉም ማሩም ቀረ፣ እሱ ግን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ የተዘረጋውን የስልክ ሽቦ ይቆርጣል፤ ይህን ማንም አይናገርም፣ ማንም ግን ያውቃል። ትናንት ወዲያ ወንዙ ዳር ዓይኗ ሽቦው ላይ ሲያርፍ አየና "አየሽ እንዴ?" አላት። "አላየሁም" አለች እየተሽኮረመመች። "ጎሽ! ጎጃም ውስጥ ዓይን ያለው ሰው አፍ የለውም" አለና አህያውን ቸብ አድርጎ እየሳቀ ሄደ። እሷም ሳቀች። ተምሬያለሁ ብላ ሳቀች፣ የዚህን አገር ሰው ሆኛለሁ ብላ።

አልሆነችም። ለዚህ ቤት ግን የሐረር ልጅ ናት፣ የነጋዴ ልጅ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልዳ ያደገች። ባሏ ጀማለዲን ለእናቱ የነገራቸው እንደዚያ ነው፤ እመት ቀድሪያም ለገበያው ሁሉ ነገሩ፤ እሷም በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያየችውን የግንቡን አምስት በር በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻቸው፤ ጀጎልን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያደገችው ከአዋሽ ድልድይ ወዲያ፣ አባቷ ሐምዱ ለባቡር ሆድ ውሃ በሚሞሉባት አንዲት ጣቢያ ነው፤ ጣቢያ ስትባል አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ። ድሬዳዋ የካቶሊክ መነኮሳት ዘንድ ፈረንሳይኛና ስፌት እየተማረች ሳለ እናቷ ሞቱና አባቷ እንዳይባዝኑ ተመለሰች፤ ከተማ የለመደች ልጅ በረሃ ላይ ትከሳለች፣ ትታመማለች፣ ታብዳለች ብሎ ነበር ሰው ሁሉ። ባቡሩ ጥሏት ሲሄድ ጭሱ ተበተነ፣ ፉጨቱ ተበተነ፣ ከዚያ ዝምታው መጣ፣ ጆሮ ውስጥ የሚጮህ ዝምታ፣ በመጀመሪያው ቀን አልቅሳለች። ከዚያ ካዲጋ መጣች።

ካዲጋ ፍየሎቿን ውሃ ልታጠጣ ነው የመጣችው፣ ከእሷ እኩያ የሆነች የአፋር ልጅ፣ ጥርሷ እንደ አዲስ ጨው፣ አሁንም ትመጣለች፣ ይኸው በጣራው ሣር ላይ ፍየሎቿን እያስቀደመች ትመጣለች፣ "ነይ፣ ከቆርቆሮው ውጪ፣ እዚያ ውስጥ ትጠበሻለሽ" ትላለች፤ ሸምሲያም ትከተላታለች፣ ጫማዋን አውልቃ ትከተላታለች፣ መሬቱ ያቃጥላታል፣ ካዲጋ ትስቃለች፤ ዱካ ማንበብ ታስተምራታለች፣ ይቺ ግመል ያረገዘች ናት፣ ይቺ ግራ ዓይኗ የማያይ ናት፣ የቀኙን ሣር ብቻ ስለበላች፤ ይህ ሰው ከሩቅ ነው የመጣው፣ ተረከዙን እንዴት እንደሚጎትት እይ። መነኮሳቱ ካስተማሯት ፊደል ይህኛው ይጥማታል። የግራር ሙጫ እያኘኩ ይሄዳሉ፤ ቀን ሙሉ ሄደው የሚያገኙት አንድ ሰጎን ነው፣ ወይም ምንም፤ ምንም ያገኙበት ቀን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። አንድ ቀን በሐሩሩ ብልጭታ ውስጥ የሳላ መንጋ አየች፣ ገላቸው አይታይም፣ ቀንዶቻቸው ብቻ ከመሬት ተነሥተው እንደ ዱላ በራሳቸው ይሄዳሉ፤ ጮኸች፤ ካዲጋ አፏን ያዘቻት፤ "ዝም በይና ጥገቢያቸው" አለቻት። ጠገበቻቸው? አልጠገበቻቸውም። እዚህ ጭቃ ውስጥ ስትራመድ፣ እዚህ ከብርድ ብዛት ጣቶቿ ሲያብጡ፣ እዚህ በቁንጫ ስትበላ፣ ያ የቀንድ መንጋ በፊቷ ያልፋል።

ፍልውሃውስ። ከጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ወዲያ፣ አንድም ሰው በማይኖርበት፣ ዘምባባው ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ውሃ አለ፣ ሰማያዊ፣ እስከ ወለሉ ድረስ የሚታይ፣ ትኩስ። ከነልብሳቸው ገቡ። እሷ ዓይናፋር ናት፣ ከነሙሉ ልብሷ፣ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ፤ ካዲጋ በሳቅ ልትሰጥም ደረሰች፣ "ከማን ነው የምትደበቂው? ከአዞው?" አለች። ከማን ነው የምትደበቂው። እዚያ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ለዚያ ነው መሰል ሰው በተገኘ ጊዜ ሰውነቱ እንደዚያ የሚከብደው። ሰው ከሩቅ ይታያል፣ መጀመሪያ እንደ እሾህ፣ ከዚያ እንደ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ እንደ ሰው፤ ሲደራረሱ ማንም ማንንም ዝም ብሎ አያልፍም፣ ውሃ ቢጠማውም፣ ቢቸኩልም፤ ይቀመጣሉ። ዳጉ ይባላል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ሌላስ። ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማኸው ስሙን ጠርተህ። መጨመር ነውር ነው፣ መቀነስ ግን ኃጢአት ነው። አንድ ጊዜ ከካዲጋ ቤተሰብ ጋር ወደ ጨው ሜዳው ሲወርዱ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኟቸው፤ ሽማግሌው ልጃቸው ታሞ ወደ ቤት እየሮጡ ነበር፤ ተቀመጡ፤ ከሁሉም አስቀድመው የግመሎቹን ወሬ፣ የዝናቡን ወሬ፣ ከዚያ በመጨረሻ "የታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ግመል ሞቷል" አሉ። የእነካዲጋ የውሃ አቁማዳ ባዶ ነበር፤ ወደዚያ ጉድጓድ ነበር የሚሄዱት። ሽማግሌው "ልጄ ታሟል" ብለው ቢያልፉ ማን ይፈርድባቸዋል? ሸምሲያ ያን ቀን በሌላ ጉድጓድ ውሃ እየጠጣች ወሬ መከልከል ውሃ መከልከል እንደሆነ በጉሮሮዋ ተማረችው። በጉሮሮ የተማሩት ነገር በምን ይረሳል?

ይረሳል ብላ ነበር። ጀማለዲን የንግድ ጨርቁን ጭኖ ከድሬዳዋ ሲመለስ የተሳፈረበት ባቡር ጣቢያቸው ላይ ተበላሽቶ ቆመ፤ አባቷ ለመንገደኛው ውሃ ሲያድሉ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነብባለች፤ ጀማለዲን አያት፤ ባቡሩ ሲጠገን እሱ አልተጠገነም፤ በሌላ ወር ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጨዋ ነው፣ ደግ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ "እናቴ በረሃ ያደገች ሲባል ይደነግጣሉ። የሐረር ልጅ ናት ብያለሁ። ትንሽ ጊዜ ነው፣ እኔው ራሴ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።" ሳይነግራቸው ጦርነቱ መጣ፤ ሳይነግራቸው ከክረምቱ በፊት ቆዳ ጭኖ አዲስ አበባ ሄደ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እዚያው ቀረ። ከዚያ ስልኩ። ጣሊያኑ ቢሮ ውስጥ ስልክ አለ፣ አንድ ቀን ጠሯት፣ ይለፍ ወረቀቷን አሳይታ፣ ሦስት በር አልፋ ገባች፣ አስተርጓሚው አጠገቧ ቆሞ ይሰማል፣ ከጥቁሩ ቀንድ ውስጥ ጀማለዲን "ደህና ነሽ?" ይላል። ደህና። "እናቴ ደህና ናቸው?" ደህና። በዚያ ሁሉ ሽቦ ውስጥ፣ ከስንት ተራራ ወዲያ መጥቶ፣ ደህና። ምን አየሽ ብለህ ጠይቀኝ፣ ጠይቀኝና ልንገርህ፣ እያለች በልቧ ትጮኻለች፤ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅስ አስተርጓሚው አለ። ወጥታ ስትሄድ ዓይኗን ጨፍና ስልከኛውን "ከአዋሽ ወዲያ ካለው ጣቢያ ጋር ያገናኛል?" አለችው፤ አባቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ስልከኛው ለጓደኛው ጠቅሶ "ለግመሎቹ ነው የምትደውዪው?" አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ያም ሆኖ በየወሩ አንድ ደህና ነበራት። እንዳላማው ሽቦውን ሲቆርጠው ያቺም ደህና ተቆረጠች።

እዚህ ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። እዚህ ላይ ነው ከጧት ጀምሮ እየዞረች የምትመለሰው። ልማድ ነው ብዬ ነበር፣ ጉልበቴ ነው የታጠፈው ብዬ ነበር፤ ግን ሽቦውን ለአንሙት ስነግረው "ያብረቀርቅ ነበር" ብያለሁ፤ ምን አስፈለገ? ያ ሽቦ የጀማለዲን ድምፅ ነበር፣ በአህያ ጀርባ ላይ ተጠቅልሎ በፊቴ አለፈ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ወንዙ ዳር ሳቅሁ፤ ያልሳቀ ነገር በውስጤ ነበር እንዴ? ያ ነው የተናገረው? የበረሃውን ልማድ ለክፋቴ ሽፋን እያደረግሁት ነው? አታውቅም። ካዲጋ ብትሆን ዱካውን አይታ ትለየው ነበር። የራስን ዱካ ግን ማን ያነብባል፣ ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የብርጓል እንኳ "ምን ልትነግሪው ትችያለሽ" ብላ ሄዳለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ እመት ቀድሪያ። ነገ ጧት ተኩስ ይሰማል፣ ሴቶቹ ወደ በር ይወጣሉ፣ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትወጣለች፣ ደህና ትላለች፣ ደህና። ተነሣች። መጋረጃውን ገለጠች።

"እማዬ።"

እመት ቀድሪያ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ከፈቱ። "አዛን አለ እንዴ?"

"ገና ነው።"

"ታዲያ ለምን ቀሰቀስሽኝ? ጾመኛ የሚቀሰቀሰው ወይ ሰው ሲሞት ወይ ቤት ሲቃጠል ነው።"

"ሰው ሊሞት ነው፣ እማዬ። ግን በቅድሚያ ሌላ ነገር አለ። እኔ የሐረር ልጅ አይደለሁም።"

ሁለተኛው ዓይን ተከፈተ።

ሸምሲያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ እስኪግል እያፈረች፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ፣ ጣቢያውን፣ የውሃውን በርሜል፣ ካዲጋን፣ በባዶ እግሯ የዞረችውን አገር ነገረቻቸው። እመት ቀድሪያ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ አልቆጠሩም።

"እና አምስቱ በር?"

"መጽሐፍ ላይ ነው ያየሁት።"

"ያረቢ! እኔ እኮ ያንን በር ለገበያው ሁሉ እየከፈትኩ ስዘጋ ነው የከረምኩት!" ተነሥተው ተቀመጡ። "ልጄ ዋሸኝ?"

"ፈርቶ ነው።"

"ማንን ነው የሚፈራው?"

"እርስዎን።"

አሮጊቷ አፋቸው ጫፍ ላይ የመጣውን ነገር ዋጡት፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አይታወቅም። "ሊሞት ነው ያልሽው ማነው?"

ሁለተኛው ወሬዋ ከፊተኛው ይልቅ አጭር ነበር። እንዳላማው፣ ዋርካው፣ አንሙት፣ ሽቦው፣ ደቦው። ስትጨርስ የእመት ቀድሪያ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

"ሸጥሽው?"

"አልሸጥኩትም። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።"

"ሰው ስለጠየቀ ይነገራል?"

"እኛ ዘንድ ይነገራል።"

"እኛ ዘንድ ስትይ የት ነው?"

በዚህ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ዘርግታ ወደ ፀሐይ መውጫ አመለከተች። ግድግዳው ነበር የሚታየው፤ እመት ቀድሪያ ግን ግድግዳውን ብዙ አዩት።

"የሐረሯን ልጅ ሌላ ቀን እናለቅስላታለን" አሉ በመጨረሻ። "ቆንጆ ልጅ ነበረች፣ አላህ ይማራት። የበረሃዋስ ልጅ እግር አላት?"

"አላት።"

"መንገዱን የያዘ ሰው ኬላው ላይ ይያዛል። ያለ መንገድ መሄድ ይሆንላታል?"

"በረሃ መንገድ የለውም፣ እማዬ።"

እመት ቀድሪያ ተነሥተው ከጓዳ ገመድና ትንሽ መጥረቢያ አመጡ። "እንጨት ለቀማ ነሽ፣ ለጠየቀሽ ሁሉ። አፍሽንም ያዢ፣ ደቦው እስክትደርሺ ድረስ። እኔ የብርጓልን ልላክ አልልም፣ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት።" ከዚያ እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ። "እንዳላማው ለአንሙት ማን ነገረው ብሎ ይጠይቅሻል።"

"አውቃለሁ።"

"ሰምቼ ነው ማለት ትችያለሽ።"

"ከማን ሰማሽ ይለኛል።"

አሮጊቷ ገመዱን ለቀቁት።

ትሄዳለች። አጥሩን ዞራ፣ የቆሻሻውን ጉድጓድ አልፋ፣ ምሽጉን በስተግራ ትታ ትወርዳለች፣ ቁልቁለቱን ስትጀምር ጫማዋን አወለቀች፣ ቀዝቃዛውን መሬት ረገጠችው፣ ጤፉ ቢጫ ነው፣ ዳር እስከ ዳር ቢጫ፣ ዓይኗን ትንሽ ብታጠብበው ማሳው አጥሩን ጥሎ ሜዳ ይሆናል፣ ካዲጋ ከፊቷ ትሄዳለች፣ "ዓይንሽ እስኪደክም ተይው" ትላለች፤ ውሃ ጠምቷታል፣ የጾም ጥም ነው፣ ደስ የሚል ጥም፣ የዱሮ ጥም፣ በዚህ ሰዓት ደስ ይለኛል ብላ ታፍራለች፣ ሰው ሊሞት እኔ ደስ ይለኛል፤ ግን እግሬ ነው ደስ ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ከጨሞጋ መሻገሪያ ስትደርስ ቆመች። ጭቃው ላይ ዱካ አለ። ምስማር ያለው ጫማ፣ ብዙ፤ በቅሎዎች፣ አንዱ በቅሎ የኋላ እግሩን ይስባል፣ ከባድ ጭነት ነው። በዱካው ውስጥ የገባው ውሃ ገና አልጠራም። ወደ ደቦው አቅጣጫ አልሄዱም፤ ወንዙን ይዘው ሽቅብ ወደ ገደሉ ነው የወጡት። ለምን ሽቅብ? ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ገባት፤ ከደቦው ማሳ የሚሸሽ ሰው የሚሸሸው ወደዚያ ገደል ነው።

ስትደርስ ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነበር። ደቦኛው አጨዳውን ጨርሶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ እሳት ተለኩሶ፣ ጠላው ይዞራል፣ ዘፈኑ ሞቋል። እንዳላማው ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ አያት።

"ወይኔ! የሐረሯ እመቤት! ደቦ ልትመታ መጣች?"

"ማጭዱ እንዳይበላት!" አለ አንዱ።

"እሷ ጤፉን በፈረንሳይኛ ነው የምታጭደው!" አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ። አማቱ ሽማግሌው "ተዉአት፣ ጾመኛ ናት፣ ውሃ እንኳ ስጧት፣ ፀሐይ ገብታለች" አሉ፤ አንዲት ሴት ውሃ በቅል አቀረበችላት። ሸምሲያ ቅሏን ተቀብላ መሬት አስቀመጠቻት። አልጠጣችም። ፊታቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላውን ከአፏ አወረደችው።

"ተቀመጥ፣ እንዳላማው።"

"ቆሜ ልስማሽ፣ ወገቤ ዛሬ ከተቀመጠ አይነሣም።"

"ተቀመጥ።"

ከእሷ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሳቁ ከፊቱ ሳይወርድ ተቀመጠ።

"አንሙት ሽቦውን ያውቃል" አለች። "በሣሩ ውስጥ እንደነበረ ያውቃል። ደቦው ዛሬ መሆኑን ያውቃል። አንተ እዚህ እንደምታድር ያውቃል። ዛሬ ጧት ከዋርካው ሥር ሰማ፣ ሰምቶም ወደ ምሽጉ ሲወጣ አይቻለሁ።"

ዘፈኑ ከዳር ጀምሮ ጠፋ። የእንዳላማው ሳቅ አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት መስሎ።

"ከማን ሰማ?"

ካዲጋ፣ ሽማግሌው፣ የሞተው ግመል፣ ሁሉም እዚያ ቆመው የሚጠብቋት መሰላት። ስሙን ጠርተህ።

"ከሐምዱ ልጅ፣ ከሸምሲያ። ከእኔ።"

አማቱ እጃቸውን ወደ ነዶው ክምር ሰደዱ፤ ከነዶው ውስጥ የጠመንጃ ሰደፍ ብቅ አለ። እንዳላማው ወደ እሳቸው ሳይዞር መዳፉን አነሣ።

"ሸጥሽኝ?"

"በከንቱ ነው የሰጠሁህ። ያደግሁት በረሃ ነው፣ እዚያ ምን አየሽ ያለ ሰው ይነገረዋል፤ ካልተነገረው ይሞታል። እሱ ጠየቀኝ፣ ሌላ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።" ቅሏን ከፊቷ ገፋ አደረገቻት። "አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያ ሽቦ የባሌ ድምፅ ይመጣበት ነበር። የተናገረው የትኛው እንደሆነ፣ ልማዴ ይሁን ቂሜ፣ አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልነግርህም።"

እንዳላማው ማጭዱን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋደመ፤ ዓይኑ ከእሷ አልተነቀለም፣ አሁን ያገኛት ይመስል፣ ከሩቅ፣ መጀመሪያ እንደ እሾህ፣ ከዚያ እንደ ቁጥቋጦ እየሆነች ስትመጣ ያያት ይመስል ብዙ ቆየ።

"እሳቱን አጥፉ" አለ ሳይጮህ። "ሴቶቹና ልጆቹ ወደ ዲማ መንገድ። እኛ ወደ ገደሉ እንወጣለን።"

ሰው ሁሉ ተነሣ። እሱ አልተነሣም። ቅሏን ከመሬት አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘላት።

"ጠጪ" አለ። ቀጥሎም ወደ እሷ ጠጋ ብሎ "ሌላስ?" አለ። "ስትመጪ ሌላስ ምን አየሽ?"

ሸምሲያ ከውሃዋ ተጎነጨች። ከዚያ ከመሻገሪያው ጭቃ ጀመረች።